የሻርክ አጥማጁ ክር

አንድ ሰው በውቅያኖስ ዳር፥ በአሸዋ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ወፍራም ዘንግ ይዟል። ከዘንጉ ጫፍ የሚወጣው ክር የማዕበሉን አረፋ ተሻግሮ ከዓይን ይሰወራል። የክሩ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም፤ በወዲያኛው ጫፉ ግን ከሰውዬው የሚከብድ ሻርክ ተይዟል። ይህ ትግል ለግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ጎብጦ የነበረው ዘንግ በድንገት ይቃናል፤ ሰውዬውም ወደ ኋላው ይንገዳገዳል። ክሩ ተበጥሷል። በዙሪያው ቆመው ይመለከቱ የነበሩት ሰዎች፥ «እንዴት ያለ ጉልበተኛ አውሬ ነው!» እየተባባሉ ይበተናሉ። አጥማጁም ይህንኑ አምኖ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ልምድ ያለው አጥማጅ ቢሆን ኖሮ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሄድም ነበር። በቅድሚያ የቀረውን ክር አጠንጥኖ ወደ ራሱ ያመጣና የተበጠሰውን ጫፍ በጣቶቹ ይዞ አተኩሮ ይመለከታል። ምክንያቱም የክሩ ጫፍ ስለ አደጋው የሚሰጠው ምስክርነት አለ። ጫፉ በቢላዋ እንደተቆረጠ ንጹሕ ከሆነ ጥርስ ነክቶታል። እንደ ተፋቀ ሸካራ ከሆነና ከጫፉም በላይ ያለው ክር ከተላላጠ፥ የታገለው ከቆዳ፥ ከአሸዋ ወይም ከድንጋይ ጋር ነው። እንደ አሳማ ጅራት ተጠምዝዞ ከተጠቀለለ ቋጠሮው ተፈትቷል። ተስቦ ከቀጠነና ከተበጠሰ ደግሞ ከዐቅሙ በላይ ተጐትቷል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በሻርኩ ጉልበት ብቻ ሊመካኝ የሚችል አንድም የለም። እንግዲህ እናንተም ይህን ጽሑፍ ስታነቡ «ክሩ ለምን ተበጠሰ?» ብቻ ሳይሆን «የት ላይ ተበጠሰ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያገኘ ሰው የመጀመሪያውን ለመመለስ አይቸገርም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ስለ እንስሳውና ስለ ቦታው ጥቂት እንናገር። ሻርክ ሲባል ዓሣ ነባሪ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ዓሣ ነባሪ ስሙ ዓሣ ይበል እንጂ በሳንባው የሚተነፍስና ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው። ሻርክ ግን በስንጥቡ የሚተነፍስ ትክክለኛ ዓሣ ነው፤ አፅሙም እንደ ጆሯችን ከሚተጣጠፍ ልም አጥንት የተሠራ ነው። በሰሜን አሜሪካ፥ በፍሎሪዳ የአትላንቲክ ጠረፍ፥ የክንፎቹ ጫፍ በጥቁር ቀለም የተነከረ የሚመስል አንድ የሻርክ ዓይነት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በብዙ ሺህ እየሆነ ወደ ዳር ይጠጋል። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሜትር አይበልጥም። እርሱን ተከትሎ የሚመጣው መዶሻ ራስ የሚባለው ታላቁ ሻርክ ግን ከአራት ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ጠረፍ በአሸዋ ላይ ቆመው ሻርክ የሚያጠምዱ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም አብዛኞቹ ዓሣውን ለምግብ አይፈልጉትም፤ ይይዙትና መልሰው ይለቁታል። ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ስለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጨዋታው እስካለ ድረስ በአግባቡ መካሄድ አለበት።

በአግባቡ የመካሄዱ ነገር ከክሩ ጋር በቅርብ የተያያዘ ነው። ክር ሲበጠስ አጥማጁ የሚያጣው መንጠቆ፥ ሽቦ፥ እርሳስና ጥቂት ክር ነው፤ ይህንንም በገንዘብ ይተካዋል። ሻርኩ ግን መንጠቆውን በመንጋጋው ሰክቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ ሜትር የሚበልጥ ክር እየጐተተ ይሄዳል። ያ ክር ከባሕሩ ወለል ድንጋይ ወይም ከሰመጠ ጀልባ ስብርባሪ ጋር ቢጠማዘዝ እንስሳው እንደ ታሰረ ይቀራል። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው ሁለቱ የሻርክ ዓይነቶች ደግሞ ያለማቋረጥ ካልዋኙ በስንጥባቸው ላይ በቂ ውሃ አያልፍላቸውም፤ ስለዚህ መታሰር ለእነርሱ መታፈን ነው። እንግዲህ በዳር የቆመው ሰው «አመለጠኝ» የሚለው ሻርክ ሁልጊዜ አምልጧል ማለት አይደለም።

አሁን ክሩን ከመንጠቆው ወደ አጥማጁ እጅ እየተከተልን እንመርምር። በመጀመሪያ የምናገኘው ጥርስ ነው። ናይለን ክር በሻርክ ጥርስ ፊት ከቅጽበት በላይ አይቆይም። ስለዚህ ከመንጠቆው ቀጥሎ ግማሽ ሜትር ወይም አንድ ሜትር የሚሆን የብረት ሽቦ ይታሠራል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ የለም። ብዙዎች የሚዘነጉት ቀጥሎ ያለውን ነው። የሻርክ ቆዳ ከሩቅ ሲያዩት ለስላሳ ይመስላል፤ በእርግጥም ከራሱ ወደ ጅራቱ ቢዳስሱት ለስላሳ ነው። ከጅራቱ ወደ ራሱ ሲዳስሱት ግን እጅን ይልጣል። ምክንያቱም ቆዳውን የሸፈኑት ቅርፊቶች በአሠራራቸው ጥርስን የሚመስሉ፥ ጫፋቸውም ወደ ኋላ ያዘነበለ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። በጥንት ዘመን አናጢዎች የደረቀ የሻርክ ቆዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እንጨት ለማለስለሻ ይጠቀሙበት ነበር። እንግዲህ ሻርኩ ፊቱን አዙሮ ወደ ጥልቁ ሲሸሽ ክሩ ከአፉ ተነሥቶ በጐኑ በኩል እያለፈ ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ ጅራቱም ግራና ቀኝ ሲወራጭ በእያንዳንዱ ምት ይፍቀዋል። ቀጭኑ ክር በዚህ ቦታ ላይ ከተገኘ ዕድሜው የደቂቃዎች ነው።

መፍትሔው «የጫፍ ክር» ብለን ልንጠራው የምንችለው ወፍራም ናይለን ነው። ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከሽቦው ቀጥሎ ይታሠራል። ርዝመቱን የሚወስነው የአጥማጁ ምርጫ ሳይሆን የዓሣው ቁመት ነው፤ ሽቦውና የጫፍ ክሩ ተደምረው ሊያዝ ከሚችለው ሻርክ መብለጥ አለባቸው። ሦስት ሜትር የሆነ ሻርክ በሚገኝበት ቦታ የሁለት ሜትር የጫፍ ክር ይዞ የሚቆም ሰው ገና ከመጀመሪያው ተሸንፏል። እርግጥ ነው፥ እንዲህ የረዘመ ነገር በዘንግ አወናጭፎ ወደ ባሕር መወርወር አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም አጥማጆቹ በማባበያነት የሚያገለግለውን የዓሣ ቁራጭ በትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ጭነው ከሚሰበረው ማዕበል ባሻገር ይወስዱና እዚያ ጥለውት ይመለሳሉ።

ከሽቦው እስከ ዘንጉ ድረስ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ቋጠሮዎች ይኖራሉ። ቋጠሮ ማለት ክር ራሱን በራሱ የሚጫንበት ቦታ ነው። በናይለን ላይ የተቋጠረ ተራ ቋጠሮ የክሩን ጥንካሬ በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል፤ ስለዚህ 40 ኪሎ የሚችል ክር የገዛ ሰው በአንድ የተሳሳተ ቋጠሮ የ20 ኪሎ ክር ባለቤት ይሆናል። በሚገባ የተጠመጠሙ የአጥማጅ ቋጠሮዎች ይህን ጉዳት በእጅጉ ይቀንሱታል። ነገር ግን የተሻለው ቋጠሮ እንኳ ደረቅ ሳለ በኃይል ቢጠበቅ ክሩ ከክር ጋር በመፋተጉ የሚፈጠረው ሙቀት ናይለኑን ያበላሸዋል። ስለዚህ አጥማጁ ቋጠሮውን ከማጥበቁ በፊት በውሃ ወይም በምራቁ ያርሰዋል፤ ከዚያም በዝግታ ያጠብቀዋል። ካጠበቀው በኋላም ከአንድ የማይነቃነቅ ነገር ጋር አያይዞ ይጐትተዋል። መበጠሱ ካልቀረ ሻርክ ሳይኖር፥ በደረቅ መሬት ላይ ቢበጠስ ይሻላልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ጠላት መፋተግ ነው። የውሃ ጉድጓድ ባለበት አካባቢ ያደጋችሁ ልጆች የባልዲው ገመድ በመጀመሪያ የሚሳሳው የት ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የጉድጓዱን አፍ ታክኮ በሚያልፍበት ቦታ ነው። የሻርክ አጥማጁም ክር እንዲሁ ነው። ከዳር ትንሽ ርቆ በውሃ ውስጥ የተቆለለ አሸዋ አለ፤ አንዳንድ ቦታም በዛጐል የተሸፈነ ድንጋይ አለ። ክሩ በእነዚህ ላይ ተኝቶ ሲጐተት ይፋቃል። አጥማጁ ዘንጉን ረጅም ቱቦ በአሸዋው ውስጥ ተክሎ ከፍ አድርጎ የሚያቆመው ክሩ ከማዕበሉና ከአሸዋው በላይ እንዲያልፍ ነው። በዘንጉ ላይ በተደረደሩት ቀለበቶች ውስጥም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ይህን ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ ጥቂት ባዘቶ ጥጥ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ ስንጥቅ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። ጥጥ የያዘ ቀለበት ክርን ሳይቆርጥ አይቀርም። ክሩን ራሱን ደግሞ በጣቶች መካከል እያሳለፉ መዳሰስ ያስፈልጋል። ሸካራ ሆኖ ከተገኘ ያን ክፍል ቆርጦ መጣል እንጂ «ለዛሬ ያገለግላል» ማለት አይገባም። ናይለን የፀሐይ ብርሃንም እያደር ያደክመዋል፤ ስለዚህ ከዓመት ዓመት በፀሐይ ላይ የቆየ ክር ሳይነካ እንኳ አሮጌ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ዛሬ ከብዙ ቀጫጭን ሰው ሠራሽ ጭረቶች ተጐንጉኖ የሚሠራ ክር አለ፤ ከናይለን በጣም ቀጭን ሆኖ የናይለኑን ያህል ክብደት ይችላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በእርሱ ላይ የተፈጸመ ይመስላል። ታዲያ ለምን ሙሉ በሙሉ በእርሱ አይጠቀሙም? ድሩ አብሮ አንበሳን ሊያስር ይችላል፤ ድንጋይ ላይ ሲፋተግ ግን አንድ በአንድ ይበጠሳል። ከዚህም በላይ የተጐነጐነው ክር አይለጠጥም። ናይለን ሲጐተት እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ሻርኩ ድንገት ራሱን ሲነቀንቅ ንዝረቱን ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ብልህ አጥማጅ ሁለቱን ያጣምራል። ከማጠንጠኛው ሥር ብዙ መቶ ሜትር የተጐነጐነ ክር ይጠመጥማል፤ ከላዩም መቶ ሜትር ያህል ናይለን ይጨምራል። ወደ ዳር ቀርቦ በአሸዋና በድንጋይ ላይ የሚፋተገው ናይለኑ ይሆናል፤ ቀጭኑ ደግሞ ሻርኩ ሩቅ ሲሄድ የሚለቀቅ መጠባበቂያ ይሆናል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ስሕተት ወደሚበዛበት፥ ወደ ማጠንጠኛው ፍሬን ደርሰናል። የትልቅ ዓሣ ማጠንጠኛ እንደ ተሽከርካሪ ሁሉ ፍሬን አለው። ዓሣው ሲጐትት የክሩ ጥቅል ፍሬኑን እያሸነፈ በዝግታ ይዞራል፤ ክሩም ይለቀቃል። ፍሬኑ በጣም ከላላ ዓሣው ሳይደክም ክሩን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። በጣም ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል። በልምድ የታወቀው ልክ ክሩ ከሚችለው ክብደት ከአራት አንድ እስከ ሦስት አንድ ነው። ክሩ 40 ኪሎ የሚችል ከሆነ ፍሬኑ ከ10 እስከ 13 ኪሎ በሚደርስ ስበት እንዲለቅ ይስተካከላል። ይህም በግምት ሳይሆን በባለ ሞላ ሚዛን ተለክቶ የሚደረግ ነው፤ የሰው እጅ በጉጉት ሰዓት የሚሰጠው ልኬት አይታመንም።

አንባቢው «40 ኪሎ ለሚችል ክር 12 ኪሎ ምን አነሰው? ለምን 30 አይሆንም?» ይል ይሆናል። መልሱ የሚገኘው በጥቅሉ ቅርጽ ነው። በር ስትገፉ ከማጠፊያው ርቃችሁ ብትገፉት በቀላሉ ይከፈታል፤ ወደ ማጠፊያው ተጠግታችሁ ብትገፉት ግን ይከብዳችኋል። በሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው እጃችሁ ከማጠፊያው ያለው ርቀት ነው። የክሩም ጥቅል እንዲሁ ነው። ማጠንጠኛው በክር ሞልቶ ሳለ ክሩ ጥቅሉን የሚያዞረው ከመካከለኛው ምሶሶ ርቆ ነው። ሻርኩ ሦስትና አራት መቶ ሜትር ክር ይዞ ሲሄድ ግን ጥቅሉ ይሳሳል፤ ክሩም ወደ ምሶሶው ይጠጋል። የጥቅሉ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ፥ ማንም ፍሬኑን ሳይነካው፥ 12 ኪሎ የነበረው ስበት 24 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ላይ በውሃ ውስጥ የተዘረጋው ረጅም ክር ራሱ ይጐተታል። ሻርኩ አቅጣጫውን ሲለውጥ ክሩ በውሃው ውስጥ እንደ ደጋን ይጎብጣል፤ የውሃው ክብደት ሁሉ በእርሱ ላይ ያርፋል፤ በበጋው ወራት ተንሳፋፊ የባሕር ሣር ከተጠመጠመበትማ የባሰ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ወደ 40 ይቀርባል። አጥማጁ በእጁ የሚሰማው ግን የዚህ ሁሉ ድምር አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ሰዓት የሚሆነውን ተመልከቱ። አጥማጁ ወደ ማጠንጠኛው ሲያይ ክሩ ሊያልቅበት ተቃርቧል። ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው እጅ የሚሄደው ደግሞ ወደ ፍሬኑ ነው፤ ያጠብቀዋል። ክሩ ከምንጊዜውም በላይ በተወጠረበት ቅጽበት ሌላ ሸክም ይጨምርበታል ማለት ነው። በመጀመሪያ ያየነው ሰው ወደ ኋላው የተንገዳገደው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው እርምጃ ለተፈጥሯችን የማይስማማው ተቃራኒው ነው፤ ጥቅሉ እየሳሳ በሄደ መጠን ፍሬኑን ጥቂት ማላላት ይገባል። ከዚህም በላይ የሚበጀው አስቀድሞ በቂ ክር የሚይዝ ትልቅ ማጠንጠኛ መያዝ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ትልቁን ሻርክ በቀጭን ክርና በትንሽ ማጠንጠኛ መያዝ የጀግንነት ምልክት ይመስላቸዋል። ይህ አስተሳሰብ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ነው። ቀጭን ክር ቶሎ ይበጠሳል፤ ባይበጠስም ትግሉን ያረዝመዋል። ትግሉ በረዘመ ቁጥር በሻርኩ ጡንቻና ደም ውስጥ አሲድ ይከማቻል። በተለይ መዶሻ ራስ የሚባለው ሻርክ በዚህ ረገድ እጅግ ደካማ ስለሆነ ተለቆ እየዋኘ ከሄደ በኋላ እንኳ ሊሞት ይችላል።

ስለ እርሳሱ ረጅም ነገር መናገር አያስፈልግም። ማባበያውን ከባሕሩ ወለል ላይ የሚያስቀምጠው እርሳስ በድንጋይ መካከል ሊቀረቀር ይችላል። ስለዚህ ከዋናው ክር ጋር የሚታሠረው ሆን ተብሎ በደከመ ቀጭን ክር ነው። ሲቀረቀር ያ ቀጭን ክር ብቻ ይበጠሳል፤ ሌላው ሁሉ ይድናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መበጠሱ የሚፈለግ ክር ይህ ብቻ ነው።

መንጠቆውም የራሱ ድርሻ አለው። ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ፥ ክብ መሰል መንጠቆ ሻርኩ ሲውጠው ጉሮሮውን ሳይወጋ ይንሸራተትና በመንጋጋው ጥግ ላይ ይያዛል። በዚህም ሽቦው ከጥርሱ መካከል ይወጣል፤ እንስሳውም ሆዱ አይቆስልም። በፍሎሪዳ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ ሻርክን ከዳር የሚያጠምድ ሰው አስቀድሞ ትምህርት ወስዶ ፈቃድ እንዲያወጣ፥ በዚሁ ክብ መሰል መንጠቆ እንዲጠቀም፥ መንጠቆውም ከማይዝግ ብረት የተሠራ እንዳይሆን፥ ሽቦ ወይም መንጠቆ በፍጥነት የሚቆርጥ መሣሪያም ከእጁ እንዳይለይ ሕጉ ያዛል። የማይዝግ ብረት የተከለከለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ክሩ ቢበጠስ መንጠቆው በጨው ውሃ እየዛገ ሄዶ ከእንስሳው አፍ እንዲወድቅ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ክር መበጠሱ ፈጽሞ እንደማይቀር ያውቁ ነበር።

ሻርኩ ወደ ዳር ሲቀርብ ሌላ አደጋ ይመጣል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች አጥማጁ ወይም ረዳቱ የጫፍ ክሩን በእጁ ይዞ ይስባል። በዚህ ጊዜ ክሩን በመዳፍ ላይ መጠምጠም ከቶ አይገባም። ሻርኩ ድንገት ቢዞር ጥምጥሙ አጥብቆ ይይዛል፤ ሰውዬውም በገዛ እጁ ታስሮ ወደ ውሃው ይጐተታል። ክሩ በጓንት ተይዞ ሊለቀቅ በሚችልበት ሁኔታ ብቻ ይሳባል። እንስሳው እንዲያዝ የማይፈቀድ ዓይነት ከሆነ፥ መዶሻ ራስም በፍሎሪዳ ከእነዚህ አንዱ ነው፥ ስንጥቡ ከውሃ ሳይወጣ መለቀቅ አለበት። መንጠቆው በቀላሉ ካልወጣ ለማውጣት መታገል ጊዜ ማባከን ነው፤ በመንጠቆው አጠገብ ሽቦውን ቆርጦ መተው ይሻላል። በሁለት ጣት የሚያዝ ቁራጭ ብረት ይዞ የሄደ ሻርክና መቶ ሜትር ክር እየጐተተ የሄደ ሻርክ አንድ አይደሉም።

የቀረው በዳር የተጣለው ክር ነው። ናይለን እንደ ጥጥና እንደ ቃጫ አይበሰብስም፤ በአሸዋው ላይ የተጣለ ክር በማዕበል ተወስዶ በባሕር ኤሊ ክንድ ወይም በፔሊካን ክንፍና እግር ላይ ይጠመጠማል። በፍሎሪዳ ዓሣ በሚጠመድባቸው ድልድዮችና መዝናኛዎች ላይ አፋቸው የተቆለመመ የፕላስቲክ ቱቦዎች ቆመው ይታያሉ። የተቆረጠና ያረጀ ክር የሚከተተው በእነርሱ ውስጥ ነው፤ በየጊዜውም ተሰብስቦ እንደገና ወደ ሌላ ዕቃ ይለወጣል። የተበጠሰውን ጫፍ በጣቶቹ ይዞ የመረመረው ያ አጥማጅም የተላላጠውን ክፍል ቆርጦ፥ ጠቅልሎ፥ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ወደ ቱቦው ይሄዳል።